የውጭ ዜጋና የባንክ ሒሳብ፤ ከነገሌ ቦረና እስከ ዶሎ አዶና ሞያሌ

ባንክ የውጭ አገር ሰው ሒሳብ ልክፈት ሲለው ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይፈልጋል፤ ማንነቱን፣ በአገሩ የሚኖርበትን ፈቃድና የገንዘቡን ምንጭ። የአገሬው ሰውም ስለ ራሱ ይጠየቃል። ለእርሱ ግን መታወቂያው የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል፣ ሁለተኛው አይነሳበትም፣ ሦስተኛውም ገንዘቡ ካልበዛ ቅጹ ላይ አንድ መስመር በመሙላት ያልፋል። የውጭ ዜጋው ሦስቱንም በሰነድ ማስረዳት አለበት።

አዲስ አበባ ላይ «የውጭ ዜጋ» ሲባል የባንክ ሠራተኛው ፊት የሚመጣው ዲፕሎማት፣ ባለሀብት ወይም የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ በፊልቱ በኩል ዶሎ አዶ በሚደርሰው መንገድና ከያቤሎ በሜጋ አድርጎ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የውጭ ዜጋ ማለት ከጦርነትና ከድርቅ ሸሽቶ ከሶማሊያ የገባ ስደተኛ ነው፤ የአጎቱ ልጆች ወዲህ ማዶ የሚኖሩ የኬንያዋ ማርሳቢት ከብት ነጋዴ ነው፤ የአጭር ጊዜ ውል ይዞ የመጣ የእርዳታ ሠራተኛ ነው፤ በወጣትነቱ ወጥቶ ፓስፖርቱን ቀይሮ የተመለሰ የአገር ልጅም ነው። ብዙዎቹ በቋንቋም በጎሳም በመልክም ከጎረቤታቸው አይለዩም። የሚለያቸው ወረቀት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ሒሳብ የመክፈት ጉዳይ ከገንዘብ ይልቅ የሰነድ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ሕጉ ለአብዛኞቹ በሩን ከፍቷል ማለት ይቻላል፤ ችግሩ የሚጀምረው የያዙት ሰነድ ቅርንጫፉ መስኮት ላይ ሲቀርብ ነው። ሒሳቡ ከተከፈተም በኋላ ገንዘቡን ድንበር ማሻገር ሌላ ጉዳይ ነው።

ባንክ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በውጭ ሰዎች እጅ ነው። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ ነበር። ቅርንጫፎቹ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጎሬና ደምቢዶሎ፣ ወኪሉ ደግሞ ጋምቤላ ላይ ነበሩ፤ ቡናና ጉምሩክ ባለበት ሁሉ ማለት ነው። የቦረና ቆላ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ሜጋ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ በነበረበት ዘመን እንኳ የአካባቢው ሀብት በከብት ይቆጠር ነበር እንጂ በደብተር አልነበረም። ባንኩ በ1923 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ባንክነት ተዛወረ፤ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአገሪቱ የነበሩትን ባንኮች ሁሉ ወረሰ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 የግል ባንክን ሲፈቅድ ባለቤትነቱን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተወው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያልሆነ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ባንክ ደንበኛ መሆን ሲችል ባለቤት መሆን አልቻለም። አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ይህን ለውጦ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ፣ በአገር ውስጥ ባንክም በድምሩ እስከ 49 ከመቶ ድርሻ እንዲይዙ ፈቅዷል። የኬንያዎቹ ኬሲቢና ኢኩዊቲ ባንክ ቀድሞውኑ አዲስ አበባ ላይ የተወካይ ቢሮ ነበራቸው። ሁለቱም በኬንያዋ ሞያሌ ቅርንጫፍ ስላላቸው፣ ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ናቸው። የተወካይ ቢሮ ግን ተቀማጭ አይቀበልም፣ ሒሳብም አይከፍትም።

ባንኩ ለምን ይህን ያህል እንደሚጠይቅ ለመረዳት አዋጅ ቁጥር 780/2005ን ማየት ይበቃል። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ለመከላከል የወጣው ይህ አዋጅ፣ ባንክ ደንበኛውን በታመነ ሰነድ እንዲያውቅ፣ በስውር ስም ወይም በሐሰት ስም ሒሳብ እንዳይከፍት፣ አጠራጣሪ ዝውውር ሲያይም ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት እንዲያሳውቅ አስገድዷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ ጥቅምት 2019 ፋትፍ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ክትትል ከሚያደርግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታ ነበር። ያ ጊዜ ባንኮቹን አስፈርቷቸው አልፏል። ፍርሃቱ ደግሞ ከድንበር አጠገብና ከሶማሊያ ስም አጠገብ ይበረታል። የቅርንጫፍ ኃላፊ ሒሳብ ባለመክፈቱ የሚጠየቅበት አጋጣሚ እምብዛም ነው፤ በመክፈቱ ግን ሊጠየቅ ይችላል። ሕጉ የሰጠውን መብት መስኮቱ ላይ የሚያጠበው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን ይህ ስሌት ነው።

በወረቀት ደረጃ የውጭ ዜጋው በየወገኑ ይለያል። ነዋሪ የሆነው፣ ማለትም ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ፣ ፓስፖርቱን፣ ፈቃዱንና ጉርድ ፎቶውን ይዞ የብር ቁጠባ ሒሳብ ይከፍታል። ተቀጣሪ ከሆነ የሥራ ፈቃዱንና የአሠሪውን ደብዳቤ ይጨምራል፤ ነጋዴ ከሆነ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠየቃል። ነዋሪ ላልሆኑት፣ በተለይ ለዲፕሎማቶች፣ ለዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ለውጭ ባለሀብቶች፣ ብሔራዊ ባንክ ለየት ያሉ ሒሳቦችን ደንግጓል፤ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ፣ ወደ ውጭ ሊዛወር የሚችል የብር ሒሳብና ሊዛወር የማይችል የብር ሒሳብ ይባላሉ። በመጨረሻዎቹ ሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ሰው በመክፈቻው ቀን ልብ አይለውም። መውጫው ቀን ሲደርስ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ልዩነት ይሆናል፤ አንዱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ምንዛሪ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ሌላው ውስጥ ያለው እዚሁ አገር ውስጥ መዋል አለበት።

የትውልደ ኢትዮጵያውያን ሁኔታ ሁለቱን ያጣቀሰ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን ስለማትቀበል የአሜሪካ ወይም የአውስትራሊያ ፓስፖርት የያዘ የነገሌ ልጅ በሕግ የውጭ ዜጋ ነው። ይሁንና አዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ ሰጥቶት ከቪዛና ከመኖሪያ ፈቃድ ጣጣ አሳርፎታል። ውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት ባንክ በዶላር፣ በፓውንድ ወይም በዩሮ ሒሳብ እንዲከፍቱ ብሔራዊ ባንክ በ1990ዎቹ መጨረሻ በመመሪያ ፈቅዷል። ለዚህ ወገን ባንኮቹ በሩን ወለል አድርገው ይጠብቃሉ፤ የዳያስፖራ መስኮት፣ የዳያስፖራ ቁጠባ፣ የዳያስፖራ የቤት ብድር እያሉ ያስተዋውቃሉ። ምንዛሪ ይዞ የሚመጣ እንግዳና ምንዛሪ ሳይዝ የሚመጣ እንግዳ በአንድ ዓይን አይታዩም። ይህን ማንም ባንክ በግልጽ አይጽፈውም፣ ማስታወቂያዎቹ ግን ይናገራሉ።

ምንዛሪ ሳይዙ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ያሉት ዶሎ አዶ አካባቢ ነው። ገናሌና ዳዋ ወንዞች በሚገናኙበት፣ ኢትዮጵያ ከሶማሊያና ከኬንያ በምትዋሰንበት ጥግ፣ ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂለወይንና ቡራሚኖ የተባሉ አምስት መጠለያዎች ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. ተከታትለው ተከፈቱ። መጨረሻ ላይ የተከፈቱት ሦስቱ እ.ኤ.አ. የ2011 ድርቅና ረሃብ ያፈናቀላቸውን ሶማሊያውያን የተቀበሉ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባንክ ከነገር አይቆጠርም ነበር። የነበራቸው ሰነድ የራሽን ካርድ ነው። እርሱም የቤተሰብ እንጂ የግለሰብ አይደለም፤ አባወራው ወይም እማወራዋ ተመዝግበው የቀሩት በቁጥር ይገባሉ። ባንክ ደግሞ ቤተሰብን አያውቅም፤ አንድ ስም፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ፊርማ ነው የሚፈልገው። በዚህ የተነሣ በባሏ ስም የተመዘገበች ሴት ለባንኩ እንደሌለች ትቆጠር ነበር።

ለውጡ በ2009 ዓ.ም. መባቻ ጀመረ። ኢትዮጵያ በመስከረም ወር ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ለስደተኞች ዘጠኝ ቃሎችን ስትገባ፣ አንዱ ላይ የልደት ምዝገባን፣ የመንጃ ፈቃድንና የባንክ ሒሳብ የመክፈት ዕድልን አብራ አነሣች። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ስደተኞች ልደት፣ ጋብቻና ሞት ማስመዝገብ ቻሉ። በዚያው ሰሞን የተጀመረው ዝርዝር ምዝገባ የጣት አሻራና የዓይን ምስል እየወሰደ ለግለሰቦች መታወቂያ መስጠት ያዘ። ቃሉን ወደ ሕግ የለወጠው በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። አዋጁ ዕውቅና ያገኘ ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በተሰጠው መታወቂያ የግል ሒሳብ ሊከፍት፣ ገንዘብ ሊያስቀምጥ፣ ሊያወጣና ሊያዛውር፣ ሌላም የባንክ አገልግሎት ሊያገኝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሁሉም በፋይናንስ ሕጎች መሠረት። ከጎረቤት አገሮች ሕጎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ግልጽና ደፋር አንቀጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት ራሱ ስለ ባንክ ሒሳብ በስም የሚናገር አንቀጽ የለውም።

ከአዋጁ እስከ መስኮቱ ያለው ርቀት ግን ቀላል አልሆነም። የስደተኛ መታወቂያ የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት፣ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ነው፤ የባንኩ ሥርዓት ደግሞ ፓስፖርትና የቀበሌ መታወቂያ ሲለይ የኖረ ነው። ሠራተኛው ሰነዱን አይቶት የማያውቅ ከሆነ ወደ አለቃው፣ አለቃው ወደ ዲስትሪክት፣ ዲስትሪክቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይደውላል። ሰነዱም ጊዜው ያልፋል፤ እስኪታደስ ባለው ጊዜ ሒሳቡ ሊታገድ ይችላል። የመኖሪያ ማረጋገጫ ሲባል ደግሞ የመጠለያ ነዋሪ የሚያቀርበው የዞን፣ የብሎክና የመጠለያ ቁጥር ነው፤ ቅጹ ላይ «ቀበሌና የቤት ቁጥር» ለሚለው ቦታ አይመችም። ከስደተኞች አገልግሎት የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ይህን ሁሉ ሲያቃልል ኖሯል። ይህ ዘዴ መፍትሔም ችግርም ነው፤ ሕግ የሰጠው መብት በአንድ ሰው ፊርማ ላይ እንዲንጠለጠል ያደርጋል።

ሒሳብ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው የገናሌ ዳርቻ ነው። በአይኪያ ፋውንዴሽን ድጋፍ መስኖ ተዘርግቶ ስደተኛውና የአካባቢው ገበሬ አብረው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ሽንኩርትና በቆሎ ማምረት ሲጀምሩ፣ ገንዘቡ የሚቀመጥበት ቦታ ግድ ሆነ። የማኅበር ሒሳብ የሚከፈተው በመተዳደሪያ ደንብ፣ በምዝገባ ሰርተፊኬትና ፈራሚዎችን በሚሰይም ቃለ ጉባኤ ነው። ከፈራሚዎቹ አንዱ ስደተኛ፣ ሌላው የአገሬው ሰው ሲሆን የስደተኛው መታወቂያ ከሌላው እኩል መሥራት አለበት፤ አለበለዚያ ቼኩ አይወጣም። እንዲህ ያለው ሥራ ከማንኛውም ሥልጠና ይልቅ የስደተኛን ሰነድ ለባንኮቹ አስተዋውቋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመታወቂያ ላይ የተመሠረተውን ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ የሚለውጥ ከተገኘ ፋይዳ ነው። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ የዜግነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ለነዋሪ የሚሰጥ መለያ ነው። የዐሥር ጣቶች አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ተወስዶ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገብ አይችልም። በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋም ይመዘገባል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችም በስደተኞች አገልግሎትና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ትብብር እየተመዘገቡ ነው፤ ጅማሮው አዲስ አበባ ካሉት ስደተኞች ነበር። ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. አንሥቶ አዲስ አበባ ላይ አዲስ ሒሳብ የሚከፍት ሁሉ ፋይዳ እንዲያቀርብ ወስኗል፤ ግዴታው ወደ ሌሎች ከተሞች በደረጃ እንዲሰፋም ታቅዶ ነበር። ለባንክ ሠራተኛው ትልቁ እፎይታ ይህ ነው። የማያውቀውን ሰነድ ከመመርመር ይልቅ ቁጥሩን አስገብቶ ከምዝገባው ቋት መልስ ይጠብቃል። ለደንበኛው ግን ነገሩ ሁለት ጎን አለው፤ ፋይዳ ያለው ስደተኛ ከአገሬው ሰው እኩል ይስተናገዳል፣ ፋይዳ የሌለው ደግሞ ትናንት ይሠራለት የነበረው መታወቂያ ዛሬ ላይሠራለት ይችላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ የምዝገባ ጣቢያውም ሩቅ በሆነበት ቆላ የሁለተኛው ወገን ቁጥር ቀላል አይሆንም።

ሞያሌ ለብቻው መታየት ያለበት ጉዳይ ነው። ከተማዋ በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ለሁለት የተከፈለች ናት፤ የኢትዮጵያው ወገንም በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አስተዳደሮች መካከል ተከፍሏል። በአንድ ገበያ ውስጥ የኬንያ መታወቂያ፣ የኦሮሚያ ቀበሌ መታወቂያና የሶማሌ ክልል መታወቂያ የያዙ ሰዎች ጎን ለጎን ይነግዳሉ፤ ከአንድ ቤተሰብ የወጡም ሊሆኑ ይችላሉ። ብርና ሽልንግ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይመነዘራሉ። በኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የጋራ የድንበር ጣቢያው ሲመረቅ የኢትዮጵያና የኬንያ ዜጎች ያለ ቪዛ መተላለፋቸው የቆየ ነገር ነበር። ያለ ቪዛ መግባት ግን የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። ኬንያዊው ነጋዴ ዱብሉቅ ገበያ ከብት ገዝቶ ሊመለስ ይችላል፤ ቁጠባ ሒሳብ ለመክፈት ግን ፓስፖርት ላይ የተመታ የመግቢያ ማኅተም አይበቃውም።

ስለዚህ ብዙዎች አቋራጭ ይይዛሉ። አንዱ አቋራጭ በዘመድ ስም ሒሳብ መክፈት ነው፤ ገንዘቡ የአንዱ፣ ደብተሩ የሌላው ይሆናል። ባለደብተሩ ሲሞት፣ ሲጣላ ወይም ሲከሰስ እውነተኛው ባለቤት በሕግ ፊት የሚያሳየው የለውም። ሌላው አቋራጭ ሁለት መታወቂያ መያዝ ነው። ጎሣው ድንበሩ ከመሠመሩ በፊት በሁለቱም ማዶ ይኖር ስለነበር፣ ሰውየው ራሱን እንደ አጭበርባሪ አይቆጥርም። በዜግነት አዋጁ ዓይን ግን የሌላ አገር ዜግነት ያለው ሰው በኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የከፈተው ሒሳብ መሠረቱ የተናጋ ነው። ፋይዳ የጣት አሻራን ከስም ጋር ካሰረ በኋላ የመጀመሪያው አቋራጭ እየጠበበ፣ ሁለተኛው ደግሞ እያጋለጠ እንደሚሄድ መገመት አይከብድም።

በወዲያኛው ማዶ ኢትዮጵያዊው በተራው የውጭ ዜጋ ነው። ኬንያ ውስጥ ሒሳብ ለመክፈት ፓስፖርቱን ወይም የውጭ ዜጋ መታወቂያውን፣ ከአገሩ የገቢዎች ባለሥልጣን የሚሰጠውን ፒን የተባለ የግብር ቁጥር ጨምሮ ይጠየቃል። ብዙዎች ይህን ትተው እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረውን ኤምፔሳ የተባለ የሞባይል ገንዘብ ይጠቀማሉ፤ የኬንያ መስመር በድንበሩ ግራና ቀኝ ስለሚሠራ ስልኩ ባንክ ይሆናቸዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኤምፔሳን ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጀምር አንዳንዱ ሰው የሞያሌ ነገር አለቀለት ብሎ ነበር። ስሙ አንድ ነው፤ ሒሳቦቹ ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሽልንግ፣ ሌላው በብር፣ አንዱ በኬንያ ማዕከላዊ ባንክ፣ ሌላው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር።

የሞባይል ገንዘብ ለውጭ ዜጋው ከባንክ ይቀላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከእርሱ በፊትም በሶማሌ ክልል ሄሎካሽ የተባለው አገልግሎት ከአንድ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ጋር ተጣምሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ ያ ተቋም ዛሬ ሸበሌ ባንክ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሞባይል ሒሳቦችን በደረጃ ከፋፍሎ፣ ጥቂት ማስረጃ ላለው ሰው ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ሒሳብ ፈቀደ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ትንሽ ስጋት ስለሆነ ትንሽ ወረቀት ይበቃዋል ይላል። የሚያሰናክለው ሲም ካርዱ ነው። ሲም በስም ለማውጣት እንደገና መታወቂያ ይጠየቃል። መታወቂያ የሌለው ሰው በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ይይዛል፤ የይለፍ ቁጥሩም ሆነ ገንዘቡ በሕግ የባለሲሙ ይሆናል። ሌላው የቆላው ነዋሪ፣ የውጭም ሆነ የአገር ውስጥ፣ ሲያነሣ የኖረው ጉዳይ ወለድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ዘምዘም፣ ሂጅራ፣ ሸበሌና ራሚስ የተባሉት ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች መምጣታቸው፣ ሌሎቹም ልዩ መስኮት መክፈታቸው ሃይማኖቱ ከባንክ ያራቀውን ሰው አቅርቧል።

ስምና ቀን ጥቃቅን መስለው ብዙ ሰው የሚመለስባቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ቅጽ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ብሎ ይጠይቃል። የሶማሌው ስምም በዚሁ መንገድ ስለሚሄድ አይቸገርም፤ ፊደሉ ግን ከላቲን ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ቁቤ ሲገለበጥ አንዱ ሰው በሦስት ሰነድ ላይ ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘው ደግሞ የቤተሰብ ስሙ ከአያት ስም ቦታ ሲገባ ስሙ ከቪዛው ጋር አይገጥምም። የትውልድ ቀን በሁለት ዘመን አቆጣጠር ሲመዘገብ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል፤ ብዙ ስደተኞች ላይ ደግሞ ትክክለኛው ቀን ስለማይታወቅ ጃንዋሪ 1 ይጻፋል። አድራሻም ይቀያየራል። በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲመሠረት ነገሌ ከጉጂ ዞን ወጥታ የአዲሱ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ማንም ሰው ሳይንቀሳቀስ በመታወቂያው ላይ ያለው ዞን አሮጌ ሆነ። ልምድ ያለው ደንበኛ መጀመሪያ የሚያደርገው በሁሉም ሰነዶቹ ላይ ስሙ በአንድ ዓይነት መጻፉን ማረጋገጥ ነው።

ኢትዮጵያውያን በሌላ አገር የሚገጥማቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሳዑዲ ዓረቢያ ሒሳብ የሚከፈተው ኢቃማ በሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ኢቃማዋን አሠሪዋ የያዘባት የቤት ሠራተኛ ባንክ ደጃፍ ብትደርስም አትገባም። በእንግሊዝ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ፣ ለምሳሌ በስም የመጣ የመብራት ወይም የውሃ ቢል፣ አዲስ ገቢውን ያጉላላል፤ ቢሉ በስም እንዲመጣ ደግሞ ቤት መከራየት፣ ቤት ለመከራየት ሒሳብ ይጠየቃል። በአሜሪካ ሕጉ ከሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሌላ የፓስፖርት ቁጥርንም ይቀበላል፤ ባንኩ ግን በራሱ ፖሊሲ ላይቀበል ይችላል። የተሻለው መፍትሔ የአውሮፓ ኅብረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው መመሪያ በኅብረቱ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሁሉ፣ ጥገኝነት ጠያቂና ቋሚ አድራሻ የሌለውም ጭምር፣ መሠረታዊ ሒሳብ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 ጀምሮ ይህን ስትተገብር ባንኩ ቢከለክል ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት የሚባልበትን መንገድም አብራ ደነገገች። የኢትዮጵያው አዋጅ መብቱን ሰጥቶ ያስቀረው ይህን ነው፤ ባንኩ እምቢ ሲል ስደተኛው ምክንያቱን በጽሑፍ የሚጠይቅበትና የሚሰማበት አጭር መንገድ አልተሠራለትም።

ሒሳቡ ተከፍቶ ገንዘብ መግባት ሲጀምር ሐዋላው ይነሣል። በደቡብ ቆላ ከሚንቀሳቀሰው የውጭ ገንዘብ ብዙው የሚመጣው ከሚኒያፖሊስ፣ ከናይሮቢና ከባሕረ ሰላጤው ነው፤ የሚጓዘውም በአብዛኛው በሐዋላ ነው። ሐዋላ ፈጣን ነው፤ የሚታወቀው በሰነድ ሳይሆን በዝምድና ነው፤ እስከ መጠለያው ድረስም ይገባል። መንግሥታት ሲያናጉት የሚጎዳው መጀመሪያ ይኸው ተቀባይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 አሜሪካ አል በረካት የተባለውን የሐዋላ ድርጅት ስትዘጋ፣ በ2013 ደግሞ የእንግሊዙ ባንክ ባርክሌይስ የሌላውን የሐዋላ ድርጅት፣ የዳሃብሺልን ሒሳብ ሊዘጋ ሲነሣ የሶማሌ ቤተሰቦች ከለንደን እስከ ዶሎ ተጨንቀዋል። በኢትዮጵያ ሐዋላውን ያበረታው የምንዛሪው ልዩነትም ነበር። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ እስኪለቅ ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ሲሆን፣ በጥቁር ገበያ እጥፍ ያህል ነበር። በዚያ ዋጋ በባንክ ላክልኝ የሚል ዘመድ ጥቂት ነው። አዲሱ የምንዛሪ መመሪያ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎችም በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲይዙ ስለፈቀደ፣ ባንኩ ሐዋላን የሚፎካከርበት ዕድል ተሻሽሏል። ዋጋው ሲቀራረብ የሚወስነው ፍጥነቱና ርቀቱ ይሆናል፤ በእነዚያ ደግሞ ባንኩ ገና አልቀደመም።

ገንዘብ ማውጣት ከማስገባት ይከብዳል፤ አዲስ ለሚከፍት የውጭ ዜጋ ሊነገረው የሚገባው ዋናው ነገርም ይህ ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ትርፉን፣ ተቀጣሪው የውጭ ዜጋም ደመወዙን በምንዛሪ ወደ ውጭ እንዲልክ ይፈቅዳል፤ ለዚያ ግን ገንዘቡ ሲገባ የተመዘገበበት ሰነድ፣ የሥራ ፈቃድና የግብር ማስረጃ መኖር አለበት። ተራ የብር ቁጠባ ያለው ነጋዴ ወይም ስደተኛ እንዲህ ያለ መውጫ የለውም። ብር በኪስ ይዞ መውጣትም ጣሪያ አለው። ሽንኩርት ሽጦ ያጠራቀመው ስደተኛ ወደ ሶማሊያ ሊመለስ ሲል ወይም ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ዕድል ሲያገኝ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ገንዘብ እዚሁ ዕቃ ወይም ከብት ገዝቶበት፣ አለዚያም ለዘመድ ትቶት የሚሄደው ነው።

ሒሳብ መዝጋት ደግሞ ከመክፈት ያነሰ ትኩረት ያገኛል፤ መስኮቱ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ባለቤቱ ደብተሩን፣ ካርዱንና መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል፣ ቀሪውን ያወጣል፣ የሞባይል አገልግሎቱንም ያስዘጋል። ሳይዘጋ የሄደ ሰው ሒሳቡ ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ይተኛል፤ ለማስነሣት ባለቤቱ በአካል መቅረብ አለበት። ወኪል ትቶ መሄድ ይቻላል፤ ውክልናው ግን አገር ውስጥ ሳሉ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ፊት ቢሰጥ ይሻላል። ከሄዱ በኋላ የሚላክ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጦ፣ አገር ቤት ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታይቶ ካልመጣ ባንኩ አይቀበለውም። የጉዞ ቀኑ የተቆረጠለት ሰው እንግዲህ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ወደ ቅርንጫፉ ጎራ ብሎ ጉዳዩን ይጨርስ።